በገዳይነት የሚለያዩ የአንድ ባክቴሪያ ስትሬኖችን ጂኖም ማነጻጸር፦ ከረጅሙ የልዩነት ዝርዝር ወደ መንስኤው

የቀረበው ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው ከሁለት የተለያዩ ሕሙማን የተወሰዱ የኢ.ኮላይ (የአንጀት ባክቴሪያ) ሁለት ስትሬኖች፣ ማለትም ንዑስ ዓይነቶች፣ አሏቸው። አንደኛው በአነስተኛ መጠን ሲሰጥ እንኳ የላቦራቶሪ አይጦችን ይገድላል፤ ሁለተኛው ግን በብዙ እጥፍ ተጨምሮ ሲሰጥም አይጦቹ ያገግማሉ። የሁለቱም ጂኖም (ሙሉ ዲኤንኤያቸው) ዲኤንኤን በአጫጭር ቁራጮች በሚያነብ የኢሉሚና ማሽን ተነቧል፣ ተገጣጥሟል፣ ጂኖቹም ተለይተዋል። ሲነጻጸሩ ከ40,000 በላይ የነጠላ ቤዝ (የአንድ የዲኤንኤ ፊደል) ልዩነቶችና በአንደኛው ውስጥ ኖረው በሌላኛው የሌሉ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጂኖች ተገኝተዋል። ከበሽታ አምጪነት ጋር የተያያዙ ጂኖች በተሰበሰቡበት የመረጃ ቋት ሲፈተሹም ገዳዩ ስትሬን 30 ያህል ተጨማሪ ጂኖች እንዳሉት ታይቷል። «ከዚህ ሁሉ ውስጥ ለገዳይነቱ ተጠያቂ የሆነውን እንዴት ልለየው? የትኛውን ሶፍትዌር ልጠቀም?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

ግልጹን መልስ አስቀድሞ ማስቀመጥ ይሻላል። በእነዚህ ሁለት ጂኖሞች ብቻ ተጠያቂውን መለየት አይቻልም፤ ምክንያቱም የሶፍትዌር እጥረት አይደለም። ችግሩ የተፈጠረው ዲኤንኤው ከመነበቡ በፊት፣ ስትሬኖቹ ሲመረጡ ነው። ሁለቱ ስትሬኖች ከጋራ ቅድመ አያታቸው ከተለያዩ እጅግ ረጅም ዘመን አልፏል፤ በዚያ ዘመን ውስጥ የተለያዩት በገዳይነት ብቻ ሳይሆን በሚጠቀሙት ስኳር፣ በሚያጠቋቸው ፌጆች (ባክቴሪያን በሚያጠቁ ቫይረሶች)፣ በሚኖሩበት አካል፣ እንዲሁም ምንም ጥቅምም ጉዳትም በሌላቸው በአጋጣሚ በተከማቹ ለውጦች ጭምር ነው። የነጠላ ቤዝ ልዩነቱ ቁጥር 40,000 መድረሱ የሚነግረን ስለ ዝምድናቸው ርቀት እንጂ ስለ ገዳይነታቸው አይደለም።

የኢ.ኮላይ የጂኖም ጥናት ታሪክ ይህን በጉልህ ያሳያል። ጉዳት የማያደርሰው የላቦራቶሪ ስትሬን ኬ-12 ጂኖም በ1997 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሲታተም ርዝመቱ 4.6 ሚሊዮን ቤዝ ያህል ነበር። ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥና የኩላሊት መድከም የሚያስከትለው ኦ157፡ኤች7 በ2001 ሲታተም ደግሞ 5.5 ሚሊዮን ቤዝ ሆነ። ሁለቱ የሚጋሩት 4.1 ሚሊዮን ቤዝ ያህሉን ነው። ከዚያ ውጭ በኦ157፡ኤች7 ብቻ የተገኙት ጂኖች 1,387 ሲሆኑ፣ ጉዳት የማያደርሰው ኬ-12ም በበኩሉ ሌላው የሌለው 528 ጂኖች አሉት። ከ1,387ቱ መካከል የሺጋ ቶክሲን (ሕዋስን የሚገድል መርዝ) ጂኖችና ባክቴሪያው ከአንጀት ግድግዳ ጋር የሚጣበቅበትን መሣሪያ የሚሠሩት በእርግጥ ይገኙበታል፤ ብዙዎቹ ግን የፌጅ ጂኖች፣ የምግብ ማጓጓዣ ፕሮቲኖችን የሚሠሩ ጂኖች ወይም ሥራቸው ያልታወቀ ናቸው። ከኩላሊት ኢንፌክሽን ሕመምተኛ የተገኘው ሲኤፍቲ073 በ2002 ሲጨመርበት፣ ሦስቱም ስትሬኖች የሚጋሯቸው ፕሮቲኖች ከጠቅላላው ስብስብ 39.2 በመቶ ብቻ ሆኑ። በአንድ ስም የሚጠሩ ባክቴሪያዎች ይህን ያህል ከተራራቁ፣ ከሁለት ሩቅ ስትሬኖች አንድ ጂን ነጥሎ መጠቆም ግምት እንጂ ማስረጃ አይሆንም።

መፍትሔው ቅርብ ዘመዳሞችን ማነጻጸር ነው። ለዚህ ከሁሉ የተሻለ ትምህርት የሚሰጠው በእኔ አስተያየት በቲቢ ባክቴሪያ ላይ የተሠራው ሥራ ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። በ1905 ከአንድ ሕመምተኛ የተገኘ ኤች37 የተባለ ስትሬን በ1930ዎቹ በላቦራቶሪ ውስጥ ለሁለት ተለየ፤ ገዳይነቱን የጠበቀው ኤች37አርቪ፣ ገዳይነቱን ያጣው ኤች37አርኤ ተባለ። የመጀመሪያው ጂኖም በ1998፣ የሁለተኛው በ2008 ታተመ። የተዳከመው ስትሬን አንድ ትልቅ የዲኤንኤ ክፍል ጎድሎበት ይገኛል ብሎ ለሚያስብ ሰው ውጤቱ ያልተጠበቀ ነበር፤ ኤች37አርኤ ከገዳዩ በ8,445 ቤዝ ይበልጣል።

በሁለቱ መካከል 198 የነጠላ ቤዝ ልዩነቶች ተቆጠሩ። ተመራማሪዎቹ ግን በዚህ አልረኩም፤ ሲዲሲ1551 ከተባለ ሌላ የቲቢ ስትሬን ጋር አመሳከሯቸው። በ119ኙ ቦታዎች ላይ ኤች37አርኤ ከሲዲሲ1551 ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ። ሲዲሲ1551 በሽታ የሚያመጣ ስትሬን በመሆኑ እነዚህ 119 ለውጦች የኤች37አርኤን መዳከም ሊያስረዱ አይችሉም፤ በእነዚህ ቦታዎች የተለየው ኤች37አርቪ ነው፣ ወይም ደግሞ ማጣቀሻ የሆነው የኤች37አርቪ ጂኖም ራሱ በዚያ ቦታ ተሳስቶ ተነቧል። ሌሎች 3 ልዩነቶችም በኤች37አርቪ ላይ የተፈጠሩ ሆነው ስለተገኙ ሲቀነሱ፣ የኤች37አርኤ ብቻ ሆነው የቀሩት 76 ናቸው። ሦስተኛ ዘመድ በመጨመር ብቻ፣ ምንም አዲስ ሙከራ ሳይደረግ፣ ዝርዝሩ ከግማሽ በታች ወረደ ማለት ነው። ጠያቂያችን አሁን ባላቸው መረጃ ላይ ይህን መመርመሪያ አልተጠቀሙበትም፤ ሁለት ስትሬን ብቻ ሲኖር ለውጡ በየትኛው ወገን እንደተከሰተ ማወቅ ስለማይቻል፣ ቢያንስ አንድ የቅርብ ዘመድ ሦስተኛ ሆኖ መግባት ይኖርበታል።

ከ76ቱ አንዱ ፎፒ በሚባል ጂን ላይ ያለ የአንድ ቤዝ ለውጥ ነው። ፎፒ የሚሠራው ፕሮቲን ሌሎች በርካታ ጂኖችን የሚያዝ ተቆጣጣሪ ነው። ለውጡ በ219ኛው ቦታ ያለውን ሴሪን የተባለ አሚኖ አሲድ በሉሲን በመተካቱ ፕሮቲኑ ከዲኤንኤ ጋር የሚያያዝበት ብቃት ተጎዳ፤ በዚህም የተነሳ ባክቴሪያው ኢሳት-6 የተባለውን፣ ከሰው መከላከያ ሕዋስ ጋር በሚያደርገው ትግል የሚጠቀምበትን ፕሮቲን በሚገባ ወደ ውጭ ማውጣት ተሳነው። የኢሳት-6 ጂን ራሱ ግን በኤች37አርኤ ውስጥ ሳይነካ አለ። የጂኖችን መኖርና አለመኖር ብቻ የሚያነጻጽር ሰንጠረዥ ይህን በፍጹም አያሳይም ነበር።

ጉዳዩ ይበልጥ የሚያሳምነው ከሌላ አቅጣጫ የመጣ ማስረጃ ሲጨመርበት ነው። ካልሜትና ጌሪን ከ1908 እስከ 1921 ድረስ የከብት ቲቢ ባክቴሪያን 230 ጊዜ ከማብቀያ ምግብ ወደ ማብቀያ ምግብ እያዛወሩ አዳክመው ባወጡት ቢሲጂ የተባለ የቲቢ ክትባት ውስጥ፣ አርዲ1 የተባለ 9,500 ቤዝ ያህል ርዝመት ያለው ክፍል ጠፍቷል፤ ኢሳት-6ን የሚሠራው ጂን የሚገኘው በዚሁ ክፍል ነው። በሜዳ አይጦች ላይ የሚገኘውና በሰው ላይ እምብዛም በሽታ የማያመጣው ማይኮባክቴሪየም ማይክሮቲም ከዚያው አካባቢ ተደራራቢ የሆነ ክፍል ለብቻው አጥቷል። ሦስት የተዳከሙ ባክቴሪያዎች በሦስት የተለያዩ መንገዶች አንድን ሥርዓት ማጣታቸው፣ ከየትኛውም ብቸኛ ንጽጽር የበለጠ ክብደት አለው። በጂኖም ንጽጽር ውስጥ ከሁሉ በላይ የምተማመነው ይህን ዓይነቱን፣ እርስ በርስ ሳይገናኙ የተደጋገሙ ክስተቶችን ነው።

ለኢ.ኮላይ ቅርብ ዘመድ ማግኘት ዛሬ አስቸጋሪ አይደለም፤ በሕዝብ የመረጃ ቋቶች ውስጥ እጅግ በርካታ የኢ.ኮላይ ጂኖሞች ተቀምጠዋል። በ2011 በጀርመን ከ3,800 በላይ ሰዎችን ያሳመመውና ከ50 በላይ የገደለው ወረርሽኝ በተነሳ ጊዜ፣ የኦ104፡ኤች4 ስትሬን ጂኖም ገና ወረርሽኙ ሳያበቃ ተነበበ። ነገሩ ሊገባ የቻለው 55989 የተባለ፣ ቀደም ብሎ በመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ የተገኘና ጂኖሙ የታወቀ የቅርብ ዘመድ ስለነበረው ነው። ሁለቱም በአንጀት ግድግዳ ላይ ተከማችተው የሚጣበቁ የኢ.ኮላይ ዓይነቶች ናቸው፤ አዲሱ ግን የሺጋ ቶክሲንን የተሸከመ ፌጅ ጨምሮ ተገኘ። ይኸው ስትሬን ከኦ157፡ኤች7 ጋር ብቻ ተነጻጽሮ ቢሆን ኖሮ ቶክሲኑ የጋራቸው ሆኖ ይታይና ልዩነት ተብሎ የሚቀርበው በሺዎች የሚቆጠር ሌላ ነገር በሆነ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ እያንዳንዱን ስትሬን በዘር ሐረጉ ላይ በቦታው ማስቀመጥ፣ ከዚያም ለገዳዩ ስትሬን የቅርብ ዘመድ የሆነ ነገር ግን የማይገድል፣ ለደካማው ደግሞ የቅርብ ዘመድ ሆኖ የሚገድል መፈለግ ነው። የዘር ሐረጉ ሲሠራ ከሌላ ስትሬን በአንድ ጊዜ የተቀዳ የዲኤንኤ ቁራጭ ብዙ ለውጦችን ይዞ ስለሚገባ፣ ጉቢንስ በመሰለ ፕሮግራም እነዚህን ክፍሎች አስቀድሞ መለየት ተገቢ ነው፤ አለዚያ ርቀቱ ከእውነተኛው በላይ ተጋንኖ ይወጣል።

አሁን ጠያቂው ያላነሱትን፣ እኔ ግን ከሁሉ በፊት የምጠይቀውን ልጥቀስ። አይጦቹን የገደለው ባክቴሪያና ዲኤንኤው የተነበበው ባክቴሪያ በእርግጥ አንድ ናቸው? ገዳይነት በላቦራቶሪ ውስጥ በቀላሉ የሚጠፋ ባሕርይ ነው። የኢ.ኮላይ የቅርብ ዘመድ የሆነው ሺጌላ ወደ ሕዋስ ሰብሮ የሚገባበትን መሣሪያ የሚሸከመው 220,000 ቤዝ ያህል ርዝመት ባለው ትልቅ ፕላዝሚድ፣ ማለትም ከክሮሞሶሙ ተለይቶ በሚገኝ የዲኤንኤ ቀለበት፣ ላይ ነው። ሺጌላ ኮንጎ ሬድ የተባለ ቀለም በገባበት አጋር (እንደ ጄሊ የረጋ ማብቀያ) ላይ ተዘርቶ በ37 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያድር፣ ሥርዓቱ የሚሠራላቸው ኮሎኒዎች (ከአንድ ባክቴሪያ ተራብተው የሚታዩ ክምችቶች) ቀለሙን ስበው ይቀላሉ፤ ያጡት ደግሞ በመካከላቸው ነጭ ሆነው ይታያሉ። ፕላዝሚዱን የመሸከም ዋጋ ስለማይከፍሉ ነጮቹ ፈጥነው የማደግ ዝንባሌ አላቸው። ፕሌቱን የያዘ ሰው «ትልቁንና ጥሩውን ኮሎኒ» መርጦ ባዛወረ ቁጥር፣ ሳያውቀው ገዳይነቱን ያጣውን እየመረጠ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ የሁለቱም ስትሬኖች የመጀመሪያው ክምችት ከፍሪዘር ወጥቶ፣ ከአንድ ኮሎኒ በተነሳ አንድ ባህል (በማብቀያ ውስጥ ያደገ ባክቴሪያ) ላይ የአይጡም ሙከራ የዲኤንኤውም ንባብ ጎን ለጎን ቢደገም፣ እንዲሁም ከሞተው አይጥ አካል የተመለሰው ባክቴሪያ በድጋሚ ቢነበብ እመክራለሁ። የአይጡ ሞት መጠን ደግሞ ብዙ ነገሮችን በአንድነት የያዘ መለኪያ ነው። ባክቴሪያው በደም ውስጥ ከመከላከያ ፕሮቲኖች ጥቃት መትረፉ፣ ብረት ማግኘቱ፣ ቶክሲን ማምረቱ፣ ወይም በቀላሉ ፈጥኖ መራባቱ ሁሉም ወደ አንድ ቁጥር ይጨመቃሉ። በደም ሴረም ውስጥ የመኖር አቅምንና በተለመደ ማብቀያ ውስጥ የማደግ ፍጥነትን ለየብቻ መለካት፣ የሚፈለገውን ጂን ዓይነት በእጅጉ ያጠብበዋል።

ከኢሉሚና ብቻ የተገጣጠመ ጂኖም ላይ «ይህ ጂን የለም» ብሎ መደምደምም ጥንቃቄ ይፈልጋል። አጫጭሮቹ ንባቦች ርዝመታቸው ብዙውን ጊዜ ከ150 እስከ 300 ቤዝ ስለሆነ፣ ከዚህ የሚረዝሙ ተደጋጋሚ ክፍሎችን አልፈው ማገናኘት አይችሉም። ኢ.ኮላይ የራይቦሶም አርኤንኤ ጂኖቹን በ7 ቦታዎች ደግሞ ይይዛል፤ የኦ157፡ኤች7 የሳካይ ስትሬን 18 ፌጆችና የፌጅ ቅሪቶች በጂኖሙ ውስጥ አሉት፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ እርስ በርሳቸው እጅግ ይመሳሰላሉ። የመገጣጠሚያው ፕሮግራም እነዚህ ቦታዎች ላይ ሲደርስ ይቆርጣል፣ ወይም የተለያዩትን አንድ አድርጎ ያጣጥፋቸዋል። የበሽታ አምጪነት ጂኖች ደግሞ በፌጆች፣ በፕላዝሚዶችና በተንቀሳቃሽ ክፍሎች አጠገብ መሰብሰብ ስለሚያዘወትሩ፣ ስብስቡ የሚሰበረው በጣም በምንፈልገው ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ጂን የለም ከመባሉ በፊት የደካማው ስትሬን ጥሬ ንባቦች በገዳዩ ጂኖም ላይ ተደርድረው በዚያ ቦታ ሽፋን (ቦታውን የሸፈነ ንባብ) መኖር አለመኖሩ ይታይ። ከተቻለ ሁለቱም በናኖፖር ወይም በፓክባዮ ረጃጅም ንባቦች ተሟልተው ክሮሞሶሙና ፕላዝሚዶቹ እንደ ቀለበት እስኪዘጉ ቢገጣጠሙ፣ ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ ይቀላል። ጂኖቹም ለሁለቱም በአንድ ፕሮግራምና በአንድ እትም፣ ለምሳሌ በባክታ፣ መለየት አለባቸው። አንዱ በራስዎ ሌላው ከመረጃ ቋት እንዳለ የተወሰደ ከሆነ፣ የአሰያየም ልዩነት ብቻ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሐሰተኛ የጂን ልዩነቶችን ይፈጥራል።

የመረጃ ቋቱ የጠቆማቸው 30 ጂኖች መነሻ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ነገር ግን የቋቱ ይዘት እስከ ዛሬ በተጠኑት ጂኖች የተወሰነ ነው። ጉዳት የማያደርሰው ኬ-12 እንኳ ቢፈተሽ የመጣበቂያ ፀጉሮችንና ብረት የሚስበውን ኢንተሮባክቲን የሚሠሩ ጂኖች ይገኙበታል። ጂን አለ ማለት ይሠራል ማለትም አይደለም። በሊስቴሪያ ሞኖሳይቶጂንስ ባክቴሪያው ወደ አንጀት ሕዋስ የሚገባበትን ፕሮቲን የሚሠራው ኢንልኤ ጂን፣ ከምግብ በተገኙ ብዙ ስትሬኖች ውስጥ ያለጊዜው በሚያቆም ለውጥ ተቆርጦ ይገኛል፤ ቋቱ ግን «አለ» ይላል። ተቃራኒውም እውነት ነው፤ ገዳይነት አንዳንድ ጊዜ ከማጣት ይመጣል። ኢ.ኮላይ ካድኤ በተባለ ጂን አማካይነት ካዳቨሪን የተባለ ውሁድ ይሠራል፤ ሺጌላ ግን ይህን ችሎታ አጥቷል፤ በ1998 ጂኑ ወደ ሺጌላ ሲመለስ ካዳቨሪኑ የባክቴሪያውን የአንጀት ቶክሲን ሥራ እንደሚያግድ ታይቷል። ሐረጉ ገዳይ እንዲሆን ከረዱት ነገሮች አንዱ የጂን መጥፋት ነበር ማለት ነው። ስለዚህ በደካማው ስትሬን ብቻ የተገኙትን ጂኖችም ከገዳዩ ዝርዝር ባልተናነሰ ትጋት ይመርምሯቸው።

ከጂኖቹ ውጭ ያሉት ቦታዎችም አይዘለሉ። በጂን መነሻ ላይ ያለ የአንድ ቤዝ ለውጥ የፕሮቲኑን መጠን በብዙ እጥፍ ሊለውጥ ይችላል። የኢ.ኮላይ የመጣበቂያ ፀጉር ደግሞ 314 ቤዝ ርዝመት ባለው ተገልባጭ የዲኤንኤ ክፍል ይበራል ይጠፋል፤ በአንድ ባህል ውስጥ ሁለቱም አቅጣጫዎች አብረው ስለሚገኙ የመገጣጠሚያው ፕሮግራም አንዱን መርጦ ሌላውን ይጥለዋል። ቅደም ተከተሉ አንድ ሆኖ ጠባዩ የሚለያይበት ሁኔታ ስላለ፣ የሁለቱን ስትሬኖች አርኤንኤ በተመሳሳይ ሁኔታ ማንበብ ከጂኖም ንጽጽሩ ጎን የሚሄድ ሥራ ነው።

የስትሬኖቹን ቁጥር ወደ መቶዎች ማሳደግ የሚቻል ከሆነ፣ ፓይሲር በመሰለ ፕሮግራም በጂኖም ደረጃ የተዛምዶ ጥናት (ከገዳይነት ጋር አብረው የሚገኙ ለውጦችን ፍለጋ) ማካሄድ ይቻላል። ይሁን እንጂ ቁጥሩ ብቻውን አያስተማምንም። ከአንድ ሐረግ የወረዱ 50 ገዳይ ስትሬኖች ሁሉንም ለውጦች ከአንድ እናት ስለወረሱ፣ የሚሰጡት ማስረጃ የአንድ ክስተት እንጂ የ50 አይደለም። ቆጠራው መደረግ ያለበት ገዳይነት በዘር ሐረጉ ላይ ስንት ጊዜ ለብቻው እንደተነሳ ወይም እንደጠፋ ነው።

በዚህ ሁሉ ተጣርተው የሚቀሩት እጩዎች ጥቂት ሲሆኑ ወደ ሙከራ ይገባል። የባክቴሪያ ተመራማሪው ስታንሊ ፎልኮው በ1988 ያስቀመጡት መስፈርት ዛሬም ይሠራል፤ ጂኑ ከገዳዩ ስትሬን ሲነሳ ገዳይነቱ መቀነስ፣ ሲመለስለትም መመለስ አለበት። የመመለሱ ደረጃ እንዳይዘለል አደራ እላለሁ፤ አንድ ጂን ሲቆረጥ ከእርሱ ቀጥለው በአንድ ላይ የሚነበቡትም ሊጎዱ ስለሚችሉ፣ የታየው ድክመት የጎረቤቱ ሊሆን ይችላል። ጂኑ በብዙ ቅጂ ፕላዝሚድ ላይ ሳይሆን በራሱ ቦታ ላይ ቢመለስ ውጤቱ ይበልጥ የታመነ ነው። ሙከራው ጂኑን ከገዳዩ ስትሬን በማንሳት እንዲደረግ አጥብቄ እመክራለሁ፤ እጩውን ጂን ወደ ደካማው ስትሬን አስገብቶ የበለጠ አደገኛ ባክቴሪያ መፍጠር ለጥያቄው የግድ አያስፈልግም፤ የተቋሙ የባዮሴፍቲ ኮሚቴ ሳያውቀውና ሳይፈቅደው ደግሞ ፈጽሞ ሊታሰብ አይገባም።

ጂኑ ሲነሳ ገዳይነቱ በከፊል ብቻ ቢቀንስ ሥራው ከሽፏል ማለት አይደለም። የፎፒ ትክክለኛ ቅጂ ወደ ኤች37አርኤ ሲመለስ የኢሳት-6 አወጣጡ ተስተካክሏል፤ ባክቴሪያው ግን የኤች37አርቪን ገዳይነት ሙሉ በሙሉ አላገኘም፤ ከ76ቱ ለውጦች መካከል ሌሎችም ድርሻ አላቸውና። በዚህ ጊዜ የመጀመሪያውን እጩ እንደተነሳ ትተው ሁለተኛውን በዚያው ስትሬን ላይ ያንሱና ሁለቱ አብረው ሲጎድሉ የሚመጣውን ለውጥ ለየብቻ ሲጎድሉ ከሚታየው ጋር ያነጻጽሩ።